ከጸጉር ንቅለ ተከላ በኋላ ጸጉሩ መቼ ይበቅላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሐል ከተማ፣ ካዛንቺስ አካባቢ ባለ የቆዳ ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ንቅለ ተከላ አድርገው የሚመጡ ሰዎችን ቁስል አያለሁ፣ ቅርፊት አጥባለሁ፣ ከሁሉም በላይ ግን ጥያቄ እመልሳለሁ። አብዛኛው ጥያቄ የሚመጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ነው። ያኔ ሰው ይደነግጣል። ያን ሁሉ ብር ከፍሎ መስታወት ሲያይ የሚያገኘው ከበፊቱ የባሰ ራስ ነው። በዚያ ድንጋጤ የማያስፈልገውን ቅባት ይገዛል፣ መርፌ ይወጋል፤ ሌላ ቀዶ ሕክምና የሚቀጠርም አለ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነዚያ ሰዎች ነው።

የተተከለው ጸጉር ለምን አይረግፍም ይባላል?

የወንዶች ራሰ በራነት በአብዛኛው የሚመጣው በዘር በሚተላለፍ ባሕርይና ዲ ኤች ቲ በሚባል ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ የግንባርንና የአናትን የጸጉር ሥር እያቀጨጨ ይሄዳል። ከኋላና ከጆሮ በላይ ያለው ጸጉር ግን ይቋቋመዋል። ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ በራ የሆነ ሰው እንኳ ዙሪያውን ጸጉር የሚቀርለት። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒውዮርክ የቆዳ ሐኪም በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ይህን በተግባር አሳየ። ከኋላ የተወሰደ ሥር ወደ ፊት ቢዛወርም የኋላውን ባሕርይ ይዞ ይቀጥላል። ከኋላ ቀድሞ ይሸብት ከነበረም ፊት ላይ ሄዶ ይሸብታል።

በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ጸጉር ረገፈ። ከሰርኩ ማለት ነው?

አልከሰራችሁም። ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ሰዉም ከሁሉም በላይ የሚሰቃየው በዚህ ነው።

የጸጉር ሥር ከቦታው ተነቅሎ ለሰዓታት ያለ ደም ዝውውር ይቆያል። ከዚያ አዲስ ቦታ ይገባል። ይህ ለሥሩ ትልቅ ድንጋጤ ነው። ሥሩ ማደጉን ያቆምና ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ይዞት የመጣውን ጸጉርም ይለቀዋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይሆናል። የወደቀው ከላይ የሚታየው ክር ነው። ሥሩ ከቆዳ ሥር ተቀምጧል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ እዚህም የሚበቅለው ከቀረው ነው።

አንዳንዶች የረገፈውን ክር አንስተው ጫፉ ላይ ነጭ ጉብ ያለ ነገር ያያሉ። «ሥሩ ወጣ» ብለው ያለቅሳሉ። እሱ በየቀኑ ከማበጠሪያ ላይ የምታገኙት ጸጉር ጫፍ ላይም አለ፤ ሥሩ አይደለም። እውነተኛው አደጋ ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ያኔ ተቧጦ ወይም ተመትቶ ደም ካፈሰሰ የተተከለው ሥር ሊወጣ ይችላል። ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ግን ሥሩ ቦታውን ይዟል።

ከዚህ ባሻገር በተከላው አካባቢ የነበረው የራሳችሁ ጸጉርም ለጊዜው ሊረግፍ ይችላል። ሾክ ሎስ ይሉታል። ጤናማ የነበረው በወራት ውስጥ ይመለሳል። ቀድሞም የቀጨጨውና ለመርገፍ የተቃረበው ግን ላይመለስ ይችላል። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚነግራችሁ ሐኪም እውነተኛ ሐኪም ነው።

በየወሩ ምን ልጠብቅ?

በእኛ አቆጣጠር ላስቀምጠው። በእንቁጣጣሽ ማግስት ተሠራችሁ እንበል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግንባር ያብጣል። አንዳንዴ እብጠቱ ወርዶ ዓይን ይከድናል። ያስፈራል እንጂ በሳምንት ውስጥ ይሄዳል። ቅርፊቱ መስቀል ሲደርስ፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ፣ ይራገፋል። ከዚያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ጸጉሩ ይረግፋል። ኅዳር ባዶ ነው። ምንም የለም። ሰው ሁሉ የሚደውልልኝ በኅዳር ነው።

ታኅሣሥና ጥር ላይ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚወጣው ስስ፣ ደካማ፣ አንዳንዴም የተጠማዘዘ ነው። እኩል አይወጣም፤ ግራው ሲቀድም ቀኙ ሊዘገይ ይችላል። መጋቢት ላይ፣ ማለትም በ6 ወር፣ ብዙ ሰው የውጤቱን ግማሽ ያህል ያያል። ከሰኔ በኋላ አዲስ ከሚወጣው ይልቅ የወጣው እየወፈረ መሄዱ ነው ለውጡን የሚያመጣው። የቀጣዩ መስከረም ላይ የፊቱን መስመር መገምገም ይቻላል። አናት ይዘገያል። አናታችሁ ላይ ካስተከላችሁ እስከ 18 ወር ታገሡ።

በየቀኑ መስታወት ማየት አይጠቅምም። በወር አንዴ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ በደረቅ ጸጉር ፎቶ አንሡ። የመጀመሪያውንና የስድስተኛውን ወር ጎን ለጎን ስታዩ ነው ለውጡ የሚገባችሁ።

የእኛ ከርዳዳ ጸጉር ይለያል?

አዎ፣ በጣም። ስለዚህ ነገር ቋንቋችን ላይ ብዙ ስላልተጻፈ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከርዳዳ ጸጉር የሚጠቀለለው ከቆዳ በላይ ብቻ አይደለም። ሥሩ ራሱ ከቆዳ በታች የታጠፈ ነው። ኤፍ ዩ ኢ በሚባለው ዘዴ ሐኪሙ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ክብ መብሻ ሥሩን አንድ በአንድ ያወጣል። ቀጥ ያለ ሥር ላይ የሠለጠነ እጅ ቀጥ ብሎ ሲገባ የታጠፈውን ሥር ከመሐል ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር ደግሞ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ «ስንት ሰው ሠርታችኋል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «እንደ እኔ ያለ ጸጉር ስንት ሠርታችኋል? ከአንድ ዓመት በኋላ የተነሡ ፎቶዎችን አሳዩኝ» በሉ። በቀዶ ሕክምናው ማግስት የተነሣ ፎቶ ምንም አይነግራችሁም።

ሌላው ኬሎይድ ነው። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ አብጦ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ጆሯችሁን ስትበሱ፣ ክትባት ስትወጉ ወይም ስትቆረጡ እንዲህ ያለ ጠባሳ ወጥቶባችሁ ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ። እናትና አባታችሁ ላይ ካያችሁም ተናገሩ። ማጅራታቸው ላይ ከተላጩ በኋላ ጠጣር እብጠት የሚወጣባቸው ወንዶችም እንዲሁ።

መልካሙ ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። ከርዳዳ ጸጉር ቦታ ይሸፍናል። በተመሳሳይ የሥር ብዛት ከቀጥ ያለው የበለጠ የሞላ ይመስላል። እድገቱ ግን ትንሽ ዘገም ይላል፤ ጸጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል ሲባል የእኛ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ስለተጠቀለለም ርዝመቱ ቶሎ አይታይም። ፈረንጅ በ5ኛ ወሩ የለጠፈውን ቪዲዮ ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሩ።

ከኢስታንቡል ተመለስኩ። ቦሌ ከወረድኩ በኋላ ማን ያየኛል?

ብዙ ሰው ወደ ቱርክ ሄዶ ነው የሚመለሰው። ክትትሉ ከዚያ ወዲያ በዋትስአፕ ይሆናል። ፎቶ ትልካላችሁ፣ «ኖርማል ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ እውነትም ኖርማል ነው። ግን ስልክ መግልን አይዳስስም። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የሚያያችሁ የቆዳ ሐኪም አነጋግሩ። በግል ክሊኒክ ሊሆን ይችላል፤ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ስትመለሱ የተሰጣችሁን መድኃኒት ስምና የግራፍቱን፣ ማለትም ወጥቶ የተተከለውን የጸጉር ሥር፣ ብዛት የሚገልጽ ወረቀት ይዛችሁ ኑ። ይህ ሳይኖር ሲመጣ እኛም በግምት ነው የምንረዳው።

ጸጉሩ ሊወጣ ሲል ብጉር አወጣብኝ። ምንድን ነው?

በ2ኛውና በ4ኛው ወር መካከል የተለመደ ነው። አዲሱ ጸጉር ቆዳውን ሰብሮ ለመውጣት ሲታገል ትናንሽ ብጉሮች ይወጣሉ። የከርዳዳ ጸጉር ጫፍ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ በእኛ ላይ ይበዛል። አታፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ሞቅ ባለ ውሃ ያዙት። ከበዛ፣ ካመመ ወይም ከተስፋፋ ግን ሐኪም ይየው፤ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልግ ይችላል።

መታጠብስ? ቅቤስ? ጠበልስ?

የመጀመሪያው እጥበት መቼ እንደሆነ የሠራችሁ ሐኪም ይነግራችኋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 ወይም 3 ቀን በኋላ ነው። ውሃውን በኩባያ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። ሻወሩን በቀጥታ አትልቀቁበት። በጥፍር አትንኩ።

ቅቤ ተቆጥቼም፣ ለምኜም የምከለክለው ነገር ነው። እናቶች ከልብ ነው የሚያመጡት። «ራሱን ያለሰልሰዋል» ይላሉ። ግን ያልዳነ ቁስል ላይ ለጋ ቅቤ መቀባት ጀርም መጋበዝ ነው። ብጉር በሚወጣበት ጊዜም ያባብሰዋል። ቁስሉ ከዳነና ወራት ካለፉ በኋላ ለወዝ ብትቀቡት አልቃወምም። ጸጉር ያበቅላል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።

ነጭ ሽንኩርት፣ እሬት፣ ፌጦ የሚቀቡም አሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የራስ ቆዳ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይደነዝዛል። ሲያቃጥል አይሰማችሁም። በነጭ ሽንኩርት ቆዳቸው ተልጦ ሳያውቁ የመጡ አይቻለሁ።

ጠበልን በተመለከተ፣ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከላይ በኃይል የሚወርድ ውሃ ጭንቅላት ላይ አይሁን። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። መጠጣትም፣ ከአንገት በታች መጠመቅም አለ። ስግደትም እንዲሁ፤ ጎንበስ ማለት እብጠቱን ይጨምራል፣ ግንባርም መሬት ይነካል። ሙስሊም ለሆናችሁም የታመመ ሰው ተቀምጦ እንደሚሰግድ ታውቃላችሁ።

መቼ ወደ ሥራ፣ ወደ ጂምና ወደ ጸጉር ቤት እመለሳለሁ?

የቢሮ ሥራ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቻላል። የሚኒባስ ታክሲ በር ግን ተጠንቀቁ። ስትገቡ ጣራው አናት ይመታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ተመትቶ እየደማ የመጣ ሰው አለ። ከቻላችሁ ለ10 ቀን ራይድ ተጠቀሙ። ከባድ ጂምና ኳስ ቢያንስ 3 ወይም 4 ሳምንት ይቆዩ።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ይቀዘቅዛል ብላችሁ አትናቁት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይነግራችሁም። ሐኪማችሁ ሲፈቅድ ሰፋ ያለ ኮፍያ አድርጉ። ለወራት አትርሱት። የግንባታ አቧራ ካለበት ሰፈር የምትውሉም እንዲሁ።

ጸጉር ቤት ስትሄዱ የተተከለውን በመቀስ ብቻ ያሳጥሩላችሁ። ማሽን የተተከለበት ላይ ከ3 ወር በፊት አይነካ። ፌድ የሚሠሩት ጎንና ኋላ ቀድሞ ይድናል፤ አንድ ወር ካለፈ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ይቻላል። ምላጭ ሳትጠይቁ አይሁን። ማሽኑም ይጽዳ። ቆረቆር ከጸጉር ቤት ማሽንም ይተላለፋል።

ሴት ነኝ። ሹሩባ ግንባሬን ጨርሶታል። ይሠራልኛል?

ሊሠራ ይችላል። ለዓመታት ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ወይም የተሰፋ ሂውማን ሄር የግንባርን ጠርዝ ይነቅላል። መጀመሪያ ላይ መጎተቱን ብታቆሙ ብቻ ጸጉሩ በራሱ ይመለሳል። ከረፈደ በኋላ ሥሩ በጠባሳ ይተካል፤ ያኔ ንቅለ ተከላ ይታሰባል። ግን አንድ ነገር ከልብ እለምናችኋለሁ፤ ከተተከለ በኋላ ወደዚያው ጥብቅ ሹሩባ አትመለሱ። የተተከለውም ሲጎተት ይነቀላል። ካስክ ውስጥ መግባትም ከሐኪም ፈቃድ በፊት አይሁን።

ከመወሰናችሁ በፊት ምርመራው ይቅደም። በክብ በክብ የሚረግፈው ላሽ፣ ከመሐል አናት ተነሥቶ በጠባሳ እየሰፋ የሚሄደው የጸጉር መመለጥ፣ የብረት እጥረትና የታይሮይድ ችግር የተለያዩ ናቸው። በሽታው ንቁ ሆኖ ሳለ የተተከለ ጸጉር ሊጠፋ ይችላል።

ከተተከለልኝ በኋላ መድኃኒት ለምን እወስዳለሁ?

የተተከለው ይቆያል። ያልተተከለው፣ የራሳችሁ የነበረው፣ መሳሳቱን ይቀጥላል። መድኃኒቱ ለእሱ ነው። ካልወሰዳችሁ ከዓመታት በኋላ ፊት ለፊት የተተከለው ቆሞ ከኋላው ያለው ሊሸሽ ይችላል። ይህ ደግሞ ከራሰ በራነት በላይ ይታያል።

ሁለቱ የታወቁት ሚኖክሲዲልና ፊናስቴራይድ ናቸው። ሚኖክሲዲል የሚቀባ ነው። ሲጀመር ለሳምንታት ጸጉር ሊያረግፍ ይችላል፤ በዚህ ደንግጠው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ፊናስቴራይድ በቀን 1 ሚሊ ግራም የሚዋጥ የወንዶች ክኒን ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ወይም የስሜት መጨፍገግ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከጎረቤት ሰምታችሁ ሳይሆን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ጀምሩ። እርጉዝ ሴት አትውሰደው፤ የተሰበረውን ክኒን በእጇም አትንካ። ሁለቱም ሲቋረጡ ያቆዩት ጸጉር በወራት ውስጥ ይሄዳል።

ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚን እጥረቱ ለሌለበት ሰው ብዙም አይፈይድም። የደም ክፍል ተለይቶ የሚወጋበት ፒ አር ፒ የረዳቸው አሉ፤ ግን በ3ኛው ወር «ጸጉሬ አልወጣም» ብላችሁ በጭንቀት ስትሄዱ እንዲሸጥላችሁ አትፍቀዱ። በ4ኛው ወር በራሱ የሚወጣውን ጸጉር መርፌው አወጣው ይባላል።

ጾም ላይ ነኝ። ይጎዳል?

ጾሙ አይጎዳም፤ አለመብላቱ ነው የሚጎዳው። ጸጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሽሮ፣ ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ በደንብ የሚበላ ሰው ችግር የለበትም። ዳቦና ሻይ ብቻ እየበላ ቶሎ ከሲታ የሚሆን ሰው ግን ከ2 እና 3 ወር በኋላ ጸጉሩ በጅምላ ሊረግፍ ይችላል። የሚያጨስም ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ለሳምንታት ያቁም። ሲጋራ የደም ሥር ያጠባል፤ የተተከለው ሥር ደግሞ የሚኖረው በደም ነው።

እንደ ልጅነቴ ይሞላልኛል?

አይሞላም። ያልተነካ ራስ ላይ ያለውን ጥግግት ማንም በአንድ ጊዜ አይተክልም፤ ግማሽ ያህሉ ከተተከለ ጥሩ ነው። ደግነቱ ዓይን ግማሽ ያህል ጸጉር እስኪጠፋ ድረስ ብዙም አያስተውልም። ጎበዝ እጅ የተከለው አብዛኛው ሥር ይይዛል። የ40 ዓመት ሰው የ18 ዓመት ልጅ ግንባር ሲጠይቅ እምቢ የሚል ሐኪም ካገኛችሁ አትናደዱበት።

ሳልዘገይ ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት ሲኖር፣ መግል ሲፈስ፣ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ሲጨምር፣ የተተከለበት ቆዳ ወደ ጥቁር ሲለወጥ፣ ወይም ደም ተጫኑት ሲሉት አልቆም ሲል። እነዚህ ሌሊትም ቢሆን ይታዩ። ማሳከክ፣ መደንዘዝና ቀላል መቅላት ግን የሚጠበቁ ናቸው።

አንድ ዓመት ሆነኝ፣ አልረካሁም። ሁለተኛ ዙር ላድርግ?

መጀመሪያ 12 ወር መሙላቱን በትክክል ቁጠሩ፤ አናት ከሆነ 18። ከዚያ በፊት «አልያዘም» ብሎ ሊደግምላችሁ የሚፈልግ ቦታ ካለ ውጡ። የኋላ ጸጉር ማለቂያ አለው። አንዴ የወጣ ሥር እዚያ ተመልሶ አይበቅልም። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ኋላው በተራው የተበላ ይመስላል፤ እሱን መመለስ ደግሞ ከግንባሩ ይከብዳል። በተለይ በ20ዎቹ ዕድሜ ያላችሁ ራሰ በራነቱ የት እንደሚቆም ገና አልታወቀም፤ ለ40ዎቹ የሚሆን ማስቀመጥ አለባችሁ። ለምክክር ስትሄዱ በየወሩ ያነሣችኋቸውን ፎቶዎችና የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ወረቀት ያዙ። ስንት ግራፍት ከየት እንደወጣ ያየ ሐኪም ነው ምን ያህል እንደቀረ ሊነግራችሁ የሚችለው።